«ባክህ» ያልሽው አንቺ ነሽ

ውድ እትዬ፣

ነገሩ የተበላሸው ባለስቱዲዮው «ይህንን ‹ባክህ› የሚል ቃል ማነው ያመጣው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አንቺም ሻይሽን ማማሰል ባቆምሽበት ቅጽበት ነው። ቀና ብለሽ አላየሽኝም። ጠረጴዛውን እያየሽ «እኔ የተሰጠኝን ነው ያነበብኩት» አልሽ። ቀጥለሽም፣ ማንም ሳይጠይቅሽ፣ «እሷ አንዳንዴ ከራሷ ትጨምራለች» አልሽ። ከዚያ ማማሰልሽን ቀጠልሽ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቶ ነበር።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሰማሁት። ሰኞ የድራማው ሁለተኛ ምዕራፍ እንደሚጀመር፣ ባለስቱዲዮው ሊመልሰኝ እንደፈቀደ፣ ከእኔ የሚጠበቀው ሁሉም ሰው ባለበት «ከራሴ ጨምሬ ነበር፣ ይቅርታ» ማለት ብቻ እንደሆነ ነግረሽኛል። «የአንድ ደቂቃ ነገር ነው፤ ዋጥ አድርጊውና እንርሳው» ብለሻል። መልሴን በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ተውኩት። በድምፅ ከአንቺ ጋር የሚገጥም ሰው ሞኝ ነው፤ ሁለት ቃል ሳልናገር ታሸንፊኛለሽ። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም።

የምጽፈውን አብዛኛውን ታውቂዋለሽ። ለእናታችንም ለሌላውም ሰው ሌላ አድርገሽ ስለነገርሽው ግን እንደነበረ ልድገመው።

ያ ከውጭ የመጣ ተከታታይ ድራማ ሲሰጠን እንዴት እንደፈነጠዝን ታስታውሻለሽ? ባሏ ሞቶባት የሰዓት መጠገኛ ሱቁን የያዘች አሮጊት፣ ሱቁን ሊቀሟት የሚያሰፈስፉ ወንዶች ልጆቿ፣ ከሁሉም የባሰው ደግሞ የባሏ ታላቅ ወንድም። እንግሊዝኛውን ወደ እኛ ቋንቋ የምመልሰው እኔ፣ የአሮጊቷ ድምፅ የምትሆኚው አንቺ። እህትማማቾች በአንዲት አሮጊት አፍ ውስጥ ተገናኘን ብለን ስቀን ነበር።

ችግሩ አሮጊቷ ቁጥብ ናት። ሌላው ሁሉ ሲለፈልፍ ቆይቶ ወደ እሷ ሲዞር «ዌል» ትላለች። በቃ። ሲያስለቅሷትም «ዌል»፣ ሲያስቋትም «ዌል»፣ በር ስትከፍትም «ዌል»። የመጀመሪያ ቀን መዝገበ ቃላት ገልጬ «ደህና ይላል፤ እሺም ይላል፤ የውሃ ጉድጓድም ይላል» ስላችሁ፣ ዝንብ ስታስነጥስ ይሰማል ብለን «ጆሮ» ያልነው የድምፅ ባለሙያችን ከመስታወቱ ወዲያ «ጉድጓድ በያትና እንገላገል፤ የገባባት ነገር አይወጣ» አለ።

አሠራራችንን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ፊት ለፊትሽ አስቀምጠሽ እጄን ከአገጭሽ ሥር አደረግሽው። «እኔ ስናገር አንቺ ቁጠሪ» አልሽኝ። «ዌል» ሲባል ከንፈር ይሰበሰባል፣ አገጭ አንዴ ይወርዳል፣ ምላስ ወደ ላይ ወጥታ ትዘጋዋለች። የእኛ ቃል በዚያች ጠባብ በር ካልገባ አሮጊቷ አፏን ዘግታ የምትናገር ጠንቋይ ትሆናለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያልተማርኩትን መዳፌ አገጭሽ ሥር ሆኖ ተማረ።

«በል» ለአፏ ተለክቶ የተሰፋ ይመስል ነበር። ግን «በል» ለወንድ ልጇ ይሆናል እንጂ ለምራቷ «በይ» ነው፤ ልጆቿ ተሰብስበው ሲመጡ «በሉ» ነው። እንግሊዝኛዋ «ዌል» ለማን እንደምትባል አትናገርም፤ ለሕፃንም ለዳኛም ያችው ናት። የእኛ ቃል ግን ከአፍ ከመውጣቷ ማንን እንዳከበረች፣ ማንን እንደናቀች ታሳብቃለች። ስለዚህ እያንዳንዷን «ዌል» ለብቻዋ መፈለግ ነበረብን። ትንሹ ልጇ ከሥራ መባረሩን ሲነግራት መስኮቱን እያየች ያለቻት «መቼም» ሆነች። ሐኪሙ ውጤቱን ሲነግራት ቦርሳዋን ቀጭ አድርጋ ዘግታ «ይሁን»። ትልቁ ልጇ ሱቁ ይሸጥ እያለ አውርቶ አውርቶ ሲደክመው «እህስ?»። የልጅ ልጇ የሞተ ሰዓት አስነስታ ስታሳያት «ወይ ጉድ»። ደግሞ ያቺ ከባሏ ፎቶ ፊት ቆማ ያለቻት። አንቺ «ሄድክ» አልሽ፤ በአፏ አልገባ አለኝ። እኔ «እንግዲህ» አልኩ፤ አገጭሽ ሦስት ጊዜ ወረደ። ስንጨቃጨቅ ጥዋቱ አለቀ። መጨረሻ ላይ ሰልችቶሽ ይሁን ገብቶሽ አላውቅም፣ ትንፋሽሽን ብቻ ለቀቅሽ። «እህ።» ጆሮም ማዳመጫውን ከራሱ ላይ አውልቆ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «አቧራ ገብቶብኝ ነው» አለ። ያ ክፍል እኮ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው በፍራሽ የተለበደ ነው፤ አቧራው ከየት መጣ ብለሽ አፋጠጥሽው።

አሁን ወደ «ባክህ» ልምጣ።

የባሏ ታላቅ ወንድም ከዘራውን ይዞ ሱቁ ውስጥ ይገባል። ወንበሯን ስቦ ይቀመጥበታል። እሷ ቆማለች። «ሱቅ የወንድ ነው፤ ቁልፉን አምጪ» ይላታል። እሷ ዓይኗን ሳትነቅል «ዌል» ትላለች። እኔ «ይሁና» ብዬ ጽፌ ነበር። አንቺ ወረቀቱን በጣትሽ ገፋ አደረግሽው።

«ይህቺ ሴትዮ ‹ይሁና› አትልም።»

«ታዲያ ምን ትበል?»

«ዓይኗን እይው እስቲ። ‹ባክህ!› ነው የምትለው።»

«እትዬ፣ የባሏ ታላቅ ነው እኮ። ቢያንስ ‹ባክዎ› መባል አለበት።»

«‹ባክዎ› ብላ ቁልፉን ታስረክበው? ዕድሜዋን ሙሉ ‹እርስዎ› ብላዋለች። ወንበሯ ላይ ሲቀመጥ አበቃ።»

ጆሮ ከወዲያ «እኔ ለሚስቴ ወንድም እንዲህ ብል በማግስቱ የምትቀዱት ለቅሶዬን ነው» አለ። አንቺ ግን ማይክራፎኑ ላይ ጠጋ ብለሽ አንዴ ብቻ ተናገርሽው። ጮክ አላልሽም። ቃሏ ስትወጣ በጆሮዬ ሳይሆን በመዳፌ ነው የሰማኋት። እጄን አንስቼ አጨበጨብኩልሽ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ የለም። «ባክህ» ያልሽው አንቺ ነሽ፤ ልክም ነበርሽ። እኔ ፈራሁ፤ አንቺ አልፈራሽም።

ከቴሌቪዥን ጣቢያው የመጡት ሰውዬ አሮጊቷ «ዓይን አውጣ ሆናለች» ሲሉ፣ እንግሊዝኛው «ዌል» ብቻ እያለ ይህ ሁሉ ንግግር ከየት መጣ ሲሉ፣ በመሀል ደግሞ «ድምፁም ራሱ ትንሽ ይከብዳል፤ ለስለስ ያለ አይገኝም?» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ያኔ ፊትሽ እንዴት እንደተለወጠ አይቻለሁ። ወንበርሽ ሲነቃነቅ ተሰማሽ። መፍራትሽን ሰው ስለሆንሽ ይቅር እልሻለሁ። ፍርሃትሽን አንስተሽ እኔ ላይ መጫንሽን ግን እስካሁን ልሸከመው አልቻልኩም።

አንቺ ሻይሽን ስታማስዪ፣ «አብረን ነው የምንሠራው» አልኩ ለባለስቱዲዮው።

«ተርጓሚዋ ማን ናት?»

«እኔ።»

«በቃ።»

ደረጃውን ስወርድ ትከተይኛለሽ ብዬ እጄ መደገፊያው ላይ እንዳለ ቆሜ ነበር። ታች ያለው ጎማ ጠጋኝ «እህትሽ የለችም እንዴ ዛሬ?» አለኝ። «አለች» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አታውቂም፤ አልጠየቅሽም። ወደ ሌላ ስቱዲዮ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጇ የትምህርት ማስረጃዬን አየች፣ ናሙና ሥራዬን አየች፣ ወደደችው። ከዚያ ስሜን ደግማ አነበበችና «አንቺ ነሽ እንዴ ከራሷ የምትጨምረው?» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ክፋት የላትም። ፋይሌን ግን ዘግታ መለሰችልኝ። ሌላም ቦታ እንዲሁ። ተርጓሚ ለሚባል ሰው ከዚህ የከፋ ስም የለም፤ ለሐኪም መርዝ ሰጠ እንደማለት ነው። በአንድ የሻይ ብርጭቆ ላይ የተናገርሽው ቃል ከእኔ ቀድሞ በየበሩ ደርሶ ይጠብቀኛል።

እማዬ ጋ አብረን ድራማውን ስናይ ነው ደግሞ የቀረውን ያወቅሁት። ባለስቱዲዮው «ዌል» ሁሉ «እሺ» ይሁን ብሎ ወስኗል። ኮምፒውተሩ ላይ አንዴ ተጭነው ሁሉንም ለውጠውታል። ልጇ ሲሰድባት «እሺ»። ሐኪሙ ሲያረዳት «እሺ»። እማዬ «ይህቺ ሴትዮ ምን ነካት? ድሮ መልስ ነበራት» አለች። ከዚያ አሮጊቷ የጓሮዋን የውሃ ጉድጓድ ለልጅ ልጇ ስታሳይ መጣች። ያም «ዌል» ነው በእንግሊዝኛው። አንቺም በዚያ በሚያምረው ድምፅሽ፣ ሳትደናቀፊ፣ «ጓሮ ያለው እሺ ደርቋል» አልሽ።

እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። እማዬም እኔን አይታ ሳቀች። ሳቄ መሀል ላይ ቆመ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ወረቀቱ ፊትሽ ነበር። ድሮ «ይህቺ ሴትዮ እንዲህ አትልም» ብለሽ ወረቀት የምትገፊው ሴት፣ «ጓሮ ያለው እሺ ደርቋል» የሚለውን አይተሽ አነበብሽው። ያን ቀን «የተሰጠኝን ነው ያነበብኩት» ያልሽው ውሸት ነበር። አሁን እውነት አደረግሽው። ከተባረርኩበት ቀን ይልቅ ያ አሳዘነኝ።

እማዬ ነገሩን ስነግራት ቴሌቪዥኑን ዘጋችው።

«ታላቅሽ ናት» አለችኝ። «ታላቅ ቢያጠፋም ታናሽ ዝቅ ትላለች።»

«እማዬ፣ የዋሸችው እኮ እሷ ናት።»

«ብትዋሽስ? ልጆች አሏት። አንቺ ምን አለሽ?»

«ስሜ አለኝ።»

«ስም አይበላም፣ ልጄ።»

«ይበላል እንጂ። በሉት አይደል?»

እሷም ወዲያው የምታውቂውን አነሳች፤ አንቺም በመልእክትሽ መጨረሻ ላይ ያነሳሽውን። «በእሷ ትከሻ ነው የተማርሽው» አለችኝ። እውነት ነው። አባታችን ሲሞት ትምህርትሽን አቋርጠሽ ገበያ አዳራሽ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የሸቀጥ ማስታወቂያ ስትጮሂ ትውዪ የነበረው እኔ ደብተር እንድይዝ ነው። ማታ ድምፅሽ ዘግቶ በምልክት ታወሪን ነበር። ይህንን አልክድም፤ ለማንም ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ግን እስቲ አስቢው። አንቺ ያን ሁሉ የጮኽሽው እኔ አንድ ቀን በሰው ፊት ቆሜ በገዛ አፌ «ሐሰተኛ ነኝ» እንድል ነው? ያስተማርሽኝን ሙያ እንዳላውቀው ሆኜ ነው ውለታሽን የምመልሰው? ውለታሽን እመልሳለሁ፤ ልጆችሽን እንግሊዝኛ ማስጠናት አላቆምኩም፣ አላቆምምም። በዚህ መንገድ ግን አልመልስም።

ሌላም ነገር ማወቅ አለብሽ። ጆሮ ደውሎልኝ ነበር። ልምምዳችንን ሁሉ ቀድቶ ያስቀምጥ ኖሯል። «ባክህ» ያልሽባትን ቀን አሰማኝ፤ እኔ «ባክዎ» ስል፣ አንቺ ስትቆጪኝ፣ እሱ ስለ ለቅሶው ሲቀልድ፣ ጭብጨባዬም አለበት። «ለባለስቱዲዮው ላሰማው? አንድ ቃል በይኝ» አለኝ። እንቅልፍ ነስቶኝ አሰብኩበት። አይሆንም አልኩት። ቅጂውን ቢያሰማ ምን እንደሚሆን አውቃለሁና፤ አንቺ ትወጫለሽ፣ እኔ እገባለሁ፣ ያ ክፍል ደግሞ እንደተለመደው አንዷን እህት ውጦ ሌላዋን ያስቀምጣል። ወንበርሽን አልፈልግም። ምሕረት አድርጋልኛለች ብለሽ ግን እንዳትጽናኚ። የምፈልገው እውነቱ ከማሽን ሳይሆን ከአንቺ አፍ እንዲወጣ ነው። ማሽኑማ ማንም የሰጠውን ይናገራል።

አሁን የማታ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ነርሶች፣ ሾፌሮች፣ አንዲት ፀጉር ሠሪ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሰሌዳው ላይ «ዌል» ብዬ ጻፍኩና ትርጉሟን አስደረደርኳቸው። መጀመሪያ ሁሉም «ደህና» አሉ። ፀጉር ሠሪዋ እጇን አወጣች። «ደንበኛዬ ፀጉሯን አሳጥሪው ብላኝ ካሳጠርኩት በኋላ መስታወት አይታ የምትለው ነገር አለ፤ እሱ ነው?» አለች። «ምን ትላለች?» አልኳት። «‹እንግዲህ ያድጋል› ትላለች።» እሱ ነው አልኳት። ነርሷም የራሷን አመጣች። ሰሌዳው ሞላ። አንድ ሾፌር ከኋላ «መምህር፣ ይህቺ ቃል ይህን ሁሉ ሥራ ለብቻዋ ከሠራች ረዳት አይቀጠርላትም?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ከዚያ ደረጃ ከወረድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ሳይቆስል ሳቅሁ። ሙያዬን አልቀሙኝም ማለት ነው። ባለስቱዲዮው ሊቀማኝ የሚችለው ክፍሉን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እዚያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ገባኝ። አንዲት ቃል ለሁሉም አንድ ትሁን የሚል ሰው ቃሏን አይደለም የጠላው፤ የምትናገረውን ሴት ነው። አሮጊቷ «መቼም»ም፣ «እህስ»ም፣ «ባክህ»ም ስትል ሰው ነበረች። «እሺ» ብቻ ስትል የቤት ዕቃ ሆነች። ከእኔም ሰኞ የሚፈለገው ያችው «እሺ» ናት። ሁለተኛውን ምዕራፍም በዚያችው «እሺ» ልተረጉም። እምቢ።

ስለዚህ ሰኞ አልመጣም። የስቱዲዮዎቹን በር ማንኳኳቴን ግን አልተውም። «አንቺ ነሽ ከራሷ የምትጨምረው?» ባሉኝ ቁጥር ወንበር ስቤ እቀመጥና እንግሊዝኛውን አስከፍቼ፣ አማርኛውን አጠገቡ አስቀምጬ፣ የአሮጊቷን ፊት እያሳየሁ አንድ በአንድ አስረዳለሁ። አሥሩ ቢያስወጡኝ አሥራ አንደኛው ይሰማኛል። «ባክህ»ን ማን አመጣው ብለው ሲጠይቁኝም አልዋሽም፤ እህቴ ናት እላለሁ፤ ከእኔ የተሻለ ጆሮ ነበራት እላለሁ። አንቺ ያን ቀን ልትይው የሚገባሽን እኔ በየደረስኩበት እልልሻለሁ።

አንቺ ግን መንገድ አለሽ። ሰኞ ሁሉም ይሰበሰባል ብለሻል። ይቅርታዬን ለመስማት የተዘጋጀው ያ ሁሉ ሰው ዝግጁ ነው፤ የአንቺን ቢሰማ ምን ይጎድልበታል? አንድ ደቂቃ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። ካልሽው ቤቴ ክፍት ነው፤ ሳላስጠብቅሽ አቅፌሽ አለቅሳለሁ። ካላልሽው የልጆችሽ አክስት ሆኜ እኖራለሁ፤ እሑድ እሑድ መጥቼ አስጠናቸዋለሁ፤ ሻይም ብትሰጪኝ እጠጣለሁ። ስለ ሥራ ግን ከእኔ ጋር አታወሪም።

ታናሽሽ መሆኔን ወድጄ እቀበላለሁ፤ ያሳደገሽን እጅ ስሚ ብትዪኝም እስማለሁ። ታላቅ ስለሆንሽ ውሸትሽ በእኔ ስም እንዲጠራ ግን ከእንግዲህ አልቀበልም። እማዬ «ዝቅ በይ» ስላለች፣ ልጆች ስላሉሽ፣ እኔ ስለተማርኩ፣ ያልሠራሁትን ጥፋት ሠራሁ እንድል አልቀበልም። ጎንበስ ብዬ የምገባበት የሥራ በር አልቀበልም። ያላጠፋሁትን ይቅር ተባልኩ ብዬ አንገቴን ደፍቼ አጠገብሽ መቀመጥን ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።

ታናሽ እህትሽ